ለሊዮን ቀብር የተጠበሰ ዶሮ

ፈትለወርቅ ማሽተት ያቆመችው ከገና በኋላ ነው። ይኸው ዐቢይ ጾም ተጋመሰ፤ እሷ ግን እስካሁን ለአንድ ሰው አልተነፈሰችም።

ሌላ ሴት ብትሆን ምን ነበረበት? አፍንጫ ተዘጋ ማለት እኮ ቀላል ነገር ነው። ዝንጅብል ይፈላል፣ ባሕር ዛፍ ይታጠናል፣ ይታለፋል። ለፈትለወርቅ ግን አፍንጫዋ መተዳደሪያዋ ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አይሪን ኪችን የሚባለው ምግብ ቤት ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ ዶቨር ከሚባለው ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ በጎማ ቤትና በልብስ ንጽህና ቤት መካከል ተሸጉጦ ይገኛል። መስኮቱ ላይ የተሳለችው ሻሽ ያሰረች ጥቁር ሴትዮ የቤቱ ባለቤት የነበረችው ሚስ አይሪን ናት። የሚስ አይሪን አያቶች ጥንት በአሜሪካ ደቡብ የሰው ክፋት መሯቸው ተነሥተው፣ እዚህ አልበርታ ሰሜን ድረስ መጥተው፣ ጫካ መንጥረው ያረሱ ሰዎች ነበሩ። አገሩ በረዶ አለበሳቸው፤ እነሱ ግን ምግባቸውን አልለወጡም። ዶሮውን በአሬራ ዘፍዝፈው ይጠብሳሉ፣ ጎመኑን ከጭስ ሥጋ ጋር ያበስላሉ፣ የበቆሎ ዳቦ ይጋግራሉ። ሚስ አይሪን ያንን የእናቶቿን ምግብ ከተማ አምጥታ ምግብ ቤት ከፈተችበት። ፈትለወርቅ ከአዲስ አበባ በመጣችበት ዓመት ሰሃን ልታጥብ ተቀጠረች። ከሰሃን ወደ ሽንኩርት፣ ከሽንኩርት ወደ ምድጃ እያለች ወጣች። ሚስ አይሪን ሲደክማት፣ ልጆቿ በየፊናቸው ሌላ ሥራ ይዘው ነበርና ቤቱን ለፈትለወርቅና ለባሏ ለታደሰ አስረከበቻቸው። «ምድጃውን አደራ» ነበር ያለቻቸው። ታደሰ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ልጃቸው ሮሚ ከፊት ሆና እንግዳውን ትቀበላለች፣ ፈትለወርቅ ከኋላ ኪችኑን ትይዛለች።

በዚያ ኪችን ታዲያ የሚሠራው ሁሉ ጾመኛ ነው። ዐቢይ ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ የነቢያት አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ዓመቱን ብትደምሩት፣ አብዛኛውን ቀን ዶሮውን የሚጠብሰው ሰው ዶሮውን አይቀምሰውም። ሚስ አይሪን ይህን መጀመሪያ የሰማች ቀን ጮኸች አሉ። «ሳትቀምሺ ልታበስዪልኝ? ዕውር ሹፌር ነው እንዴ የቀጠርኩት?» አለቻት። ፈትለወርቅ ወደ ምድጃው ሄደች። የጎመኑን ድስት ከፈተች፣ ጎንበስ አለች፣ በአፍንጫዋ ሳበች፣ «ሽንኩርቱ አልበሰለም፣ ተጣድፈሻል» አለቻት። ሚስ አይሪን በማንኪያ ቀመሰች። እውነቷን ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ የዚያ ቤት ምላስ የፈትለወርቅ አፍንጫ ሆነ። ዘይቱ መቼ እንደደከመ፣ ዱቄቱ መቼ እንደነቀዘ፣ ወተቱ ነገ ይደርስ እንደሆነ፣ ሁሉም እሷን ነው የሚጠይቀው።

ከገና በኋላ ጉንፋን ጣላት። ጉንፋኑ ሲሄድ ሽታን ሁሉ ይዞባት ሄደ። ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል ብላ ጠበቀች። ጥምቀት አለፈ፣ ነነዌ ገባ። ሽንኩርት ስታቁላላ እንፋሎቱን ታያለች፣ ድምፁን ትሰማለች፣ ከዚያ በላይ የለም። ተደብቃ የሄደችበት ሐኪም «ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል» አላት።

ለሮሚ ያልነገረችው ለምንድን ነው? ሮሚ ደጋግማ ትል ስለነበር ነዋ። «እማ፣ አንቺ ከኪችን የወጣሽ ቀን እኔ በሩን ሎክ አድርጌ ነው የምሄደው። ሌላ ኩክ አምጥቼ የአይሪንን ፉድ አላበላሽም።» ልጅቷ ይህን የምትለው እናቷን ለማክበር ነበር። ለፈትለወርቅ ግን ፍርድ ሆነባት። ነገርኳት ማለት ምድጃው ጠፋ፣ ቤቱ ተዘጋ፣ የሚስ አይሪንን አደራ በላሁ ማለት ነው ብላ አሰበች። ስለዚህ ዝም አለች። ድሮ በእጇ ትበትነው የነበረውን ቅመም፣ ሰው ሳያይ በማንኪያ መስፈር ጀመረች።

ጾሙ ሲገባ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላትና፣ እፎይ አለች። አልቀምስም ስትል የሚጠይቃት የለማ!

ሽሻይ ብቻ ነበር አንዳንዴ የሚነካካት። ሽሻይ የአስመራ ሰው ነው፤ ዘይቱ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። አማርኛን በትምህርት ቤት ተምሮ፣ ከአዲስ አበባ ልጆች የበለጠ የሚያሳምረው ሽማግሌ ነው።

«ፈትለ፣ በምላስሽ ጫፍ ንኪውና ትፊው። እኔ አልናገርብሽም፤ እግዚአብሔርም ቢሆን የሥራ ነገር ይገባዋል» ይላታል።

«ወግድ ከዚህ፣ ሰይጣን!»

«ሰይጣን እንኳ ይህን ሁሉ ሰዓት ቆሞ አይሠራም።»

ሮሚ ከውጭ ሰምታ ትስቃለች። «ጋሼ ሽሻይ፣ አይልፉ። እማ ሰይንት ናት» ትላለች። ለደንበኛውም ለቤተ ክርስቲያን ሰውም ይህንኑ የእናቷን ቅድስና ታወራለች። ፈትለወርቅ ያንን በሰማች ቁጥር ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች። ጾሙ መደበቂያዋ እንደሆነ እሷና ፈጣሪዋ ብቻ ያውቃሉ።

አንድ ቀን ማርቲንዴል ሰፈር ባለው ቤቷ የምስር ድስት ጥዳ፣ ድስቱ አሮ፣ ጭሱ ኮርኒሱን ሲሞላው ሮሚ ደረሰች። «እማ! አይሸትሽም እንዴ?» ስትላት፣ «እየጸለይኩ ነበር ልጄ» አለቻት። ሮሚ አቀፈቻት። ከዚያ ወዲህ ፈትለወርቅ ማታ ስትተኛ የጋዙን ማጥፊያ ደጋግማ እየተነሣች ትዳስሳለች። ትተኛለች፣ ትነሣለች፣ እንደገና ትዳስሳለች። አፈሰሰም አላፈሰሰም የምታውቅበት መንገድ የላትም።

እንዲህ ስትሠጋ ስትሰነብት ሊዮን ሞተ።

ሊዮን የሚስ አይሪን ታናሽ ወንድም ነው። እህቱ ካረፈች በኋላም መስኮቱ አጠገብ መቀመጥ ያልተወ፣ ሮሚን በልጅነቷ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቢስኪት ያበላ ሰው ነው። ሚስቱ ሚስ ኦፓል ጥቁር ለብሳ መጣችና ከፈትለወርቅ ፊት ቆመች። «የቀብሩን ምግብ ካንቺ በቀር ማን ይሠራል? ዶሮ ይሁን፤ እሱ እንደሚወደው» አለቻት። ፈትለወርቅ እጇን ይዛ እሺ አለች። እንዴት እምቢ ትበል?

የቀብሩ ዕለት ቅዳሜ ነበር። መጋቢት ነው፤ የካልጋሪ መጋቢት ደግሞ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ክረምቱ ገና ሻንጣውን አላነሣም። ፈትለወርቅ በረዶውን ከጫማዋ እያራገፈች በኋላ በር ስትገባ፣ ሽሻይ ቀድሞ ገብቷል። ሌላ ቀን ቢሆን እያንጎራጎረ ዘይቱን ያሞቃል። ያን ቀን ግን ዎክኢን ከሚሉት ከትልቁ ማቀዝቀዣ ክፍል ፊት እጁን አጣምሮ ቆሞ አገኘችው።

«ፈትለ፣ ነይ እስቲ። እንዳትቆጪኝ።»

«ምን አጠፋህ ደግሞ?»

«በሩ ገርበብ ብሎ አድሯል።»

«የቱ በር?»

«ይሄ ነዋ! ማታ የዘጋሁት እኔ ነኝ። የዘጋሁ መስሎኝ ነበር። የሽንኩርቱ ጆንያ ጫፍ ገብቶበት ኖሯል።»

በሩን ሳብ አድርጋ ወደ ውስጥ አየች። በአሬራ የተዘፈዘፈው የሊዮን ዶሮ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

«ቴርሞሜትሩስ ምን አለ?»

«ስገባ ከፍ ብሎ ነበር፤ አሁን ወርዷል። ከመቼ ጀምሮ እንደሞቀ ግን እኔ በምን ልወቅ? ከምሽት ጀምሮ ይሁን፣ ሊነጋጋ ሲል ይሁን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለሮሚ ብንነግራት ጣሉት ነው የምትለው። ብንጥለው ምን ይዘን እንሄዳለን? ፍሪዘር ውስጥ ያለው እስኪሟሟ ሰዉ ቀብሮ፣ አልቅሶ፣ ተበትኗል።»

ፈትለወርቅ ቀና ብላ ቴርሞሜትሩን አየች።

«ግን ምን ያስጨንቀናል፣ አንቺ እያለሽ!» አለ ሽሻይ፣ ራሱን እያጽናና። «የኔ አፍንጫ ሲጋራ የጨረሰው ነው፤ ፊቴ ላይ ያለው ለጌጥ ነው። አንቺ አሽትተሽ ደህና ካልሽ ደህና ነው። ተበላሽቷል ካልሽም እኔው ራሴ ሮሚ ፊት ተንበርክኬ ጥፋቴን እናገራለሁ።»

አንዱን ትሪ እንደ ሕፃን አቅፎ አመጣላት። ነጩ አሬራ ከዳር እስከ ዳር ረግቷል፤ ቀይ ቅመም ተነስንሶበታል፤ የዶሮው ጉልበቶች እዚህም እዚያም ብቅ ብለዋል። አሬራ በተፈጥሮው ይኮመጥጣል። የአሬራውን ኮምጣጣነት ከመበላሸት ኮምጣጣነት ለይቶ የሚያውቅ ደግሞ በዚያ ቤት አንድ አፍንጫ ብቻ ነበር።

ጎንበስ አለች። ቅዝቃዜው ጉንጯን ነካት። ሳበች። ባዶ ቤት ገብቶ «ቤቶች!» ብሎ እንደመጣራት ነው፤ ማንም አይመልስም። ዓይኗን ጨፍና ደግማ ሳበች። በጣቷ ነካች፤ ያዳልጣል፤ አሬራ ደግሞ ድሮም ያዳልጣል። ቀና ስትል የሽሻይ ዓይን ዓይኗ ላይ ተተክሏል። ያ ሁልጊዜ የሚቀልድ ሰው አፉ ደርቋል። እሱ በሩን የረሳው ሽማግሌ ነው፤ እሷ ደግሞ አፍንጫዋ የሞተ አሮጊት። እሷ እውነቱን ብትናገር ሁለቱም ከኪችኑ የሚወጡ መሰላት።

«ደህና ነው» አለች።

ራሷ የተናገረችው አልመሰላትም። ከአፏ ወጣ እንጂ።

«ተመስገን!» ሽሻይ የትሪውን ጠርዝ ሳመ። «ጌታዬ፣ የዚህችን ሴትዮ አፍንጫ አኑርልን!»

ወዲያው ዘይቱ ጋለ፣ ዱቄቱ ተነሰነሰ፣ ዶሮው እየተንቸሰቸሰ ይገባ ጀመር። ፈትለወርቅ ጎመኑን ታማስላለች፣ ግን ጆሮዋም ዓይኗም ሽሻይ ጋ ነው። አንዱ ትሪ አለቀ፣ ሁለተኛው ተጀመረ። አሁን ልንገረው? ይህን ትሪ ይጨርስና ልንገረው። ሮሚ ስትመጣ ጥሬውን እንድታሸተው ልጠይቃት፤ በምን አሳብቤ? ጉንፋን ይዞኛል ብዬ? እንዲህ ከራሷ ጋር ስትሟገት፣ ሮሚ የኋላውን በር ከፍታ ገባች።

«ዋው እማ! ሽታው እኮ እስከ ፓርኪንግ ይመጣል!»

«ምን ዓይነት ነው? ደህና ነው?» አለች ፈትለወርቅ፣ ተጣድፋ።

«ምን ማለትሽ ነው? ቺክን ነዋ!» ሮሚ ሣቀች። «ነርቨስ ሆነሻል እንዴ? ለአንክል ሊዮን ስለሆነ ነው አይደል?»

ፈትለወርቅ ወደ ጥሬው ትሪ ዞር አለች። ሽሻይ የመጨረሻዎቹን ክንፎች ዱቄት ውስጥ እያንከባለላቸው ነበር። የተጠበሰ ነገር ሁሉ ደግሞ የሚሸተው ዘይቱንና ቅመሙን ነው። ጊዜው አለፈባት።

ወደ አዳራሹ ሲሄዱ ሮሚ ትነዳለች፣ ሽሻይ ከኋላ ድስቶቹን ደግፎ ተቀምጧል፣ ፈትለወርቅ የዶሮውን አንድ ሣጥን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ሙቀቱ በቀሚሷ አልፎ ይሰማታል። አዳራሹ ዶቨር ውስጥ፣ ከሊዮን ቤት ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ነው።

«ኦፓልን አየሻት እማ? እንዴት ከስታለች» አለች ሮሚ መብራት ላይ ቆማ። «ኬሞ ላይ እንደሆነች አታውቂም ነበር አይደል? ለሰው እንዳይወራ ብላ ነው። ልጇ ነገረችኝ። ምንም አትበላም አሉ፤ ሁሉም ያስመልሳታል። ግን ዛሬ የፈትለን ቺክን እበላለሁ ብላለች። ኢዝንት ዛት ስዊት?»

ፈትለወርቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጭኗ ላይ ያለው ሣጥን ፍም ሆነባት። ጤነኛ ሰው ሆዱን ቢታመም ሁለት ቀን ተኝቶ ይነሣል። የካንሰር መድኃኒት ያደከማት ሴት፣ ባሏን ቀብራ የመጣች ሴት ግን በምን አቅሟ ትነሣለች?

«እማ፣ አር ዩ ኦኬ? አልቦሻል እኮ።»

«ሙቀቱ ነው። ሂተሩን ቀንሺው።»

ሮሚ ቀነሰች። እናትየው ሣጥኑን ወደ ጉልበቷ ገፋ አደረገችው። ከኋላ ሽሻይ ለራሱ፣ «ሊዮን ዕድለኛ ነው፤ ቀብሩ ላይ እንኳ ትኩስ ዶሮ» ሲል ተሰማ።

አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ በነጭ ወረቀት ተሸፍነዋል፤ የሊዮን ፎቶ ከነባርኔጣው ግድግዳው ጋ ቆሟል። ሮሚና ሽሻይ ሣጥኖቹን ደረደሩ። ጎመኑ፣ አደንጓሬው፣ ሩዙ፣ የበቆሎ ዳቦው፣ ዶሮውና ከዶሮው ስብ የተሠራው፣ ግሬቪ የሚሉት ወፍራም መረቅ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ብዙም ሳይቆይ መኪኖች ተግተለተሉ። ሽማግሌዎች በምርኩዝ፣ ሴቶች ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ፣ ልጆች በተወለወለ ጫማ ገቡ። ሚስ ኦፓል ሁለት ሰው ደግፏት መጣች፤ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ቀሚሱ ባዶውን የተቀመጠ ይመስል ነበር። ፓስተሩ ለጸሎት እጁን አነሣ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ።

ፈትለወርቅ ብቻ አልጨፈነችም። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ጸጉሯን በነጭ ሪባን የታሰረች፣ በሰው እግር መካከል ሹልክ ብላ መጥታ ከሣጥኑ አንድ የዶሮ እግር ስትመዝ አየቻት። ልጅቷ ግራ ቀኝ አይታ ወደ አፏ አቀረበችው።

«አይሆንም!»

ፈትለወርቅ እንዴት እንደደረሰች አታውቀውም። የዶሮውን እግር ከልጅቷ እጅ መንጭቃ ይዛዋለች። ልጅቷ አፏን ከፍታ አየቻትና እሪ አለች። ዓይን ሁሉ ተገለጠ። ፓስተሩ እጁን እንዳነሣ ቀረ።

«እማ!» ሮሚ ደርሳ ክንዷን ያዘቻት። «ምን ሆነሻል? ልጅ ናት እኮ!»

«ዶሮውን አንሡ» አለች ፈትለወርቅ። በጣቷ ሣጥኖቹን አሳየች። «ሁሉንም። ግሬቪውንም። ወደ ውስጥ።»

የአዳራሹ ኪችን ጠባብ ነው፣ አንድ አምፖል ብቻ ነው ያለው። ሮሚ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ሰጠችው።

«ንገሪኝ።»

«አላሸተትኩትም።»

«ምኑን?»

«ዶሮውን። የዎክኢኑ በር ተከፍቶ አድሮ ነበር። እኔ ደህና ነው አልኩ። ግን አላሸተትኩትም፣ ሮሚዬ። ማሽተት አልችልም። ከገና ጀምሮ ምንም አይሸተኝም።»

ሮሚ አንዱን ቁራጭ አንሥታ ገነጠለች፣ አፍንጫዋ ሥር ያዘች፣ ደግማ ያዘች። «አላውቅም… አይ ካንት ቴል። ቅመሙ ብቻ ነው የሚሸተኝ።» ቁራጩን ጣለችው። ከዚያ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባት ፊቷ ሲለወጥ ፈትለወርቅ አየች። «ቆይ። ከገና ጀምሮ? ያ ያረረው ድስትስ? እየጸለይኩ ነበር አልሽኝ።»

«አልጸለይኩም። ድስቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር።»

«አጠገቡ?»

«አጠገቡ።»

ሮሚ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ብቻሽን ነው እኮ የምትኖሪው! ጋዝ ቢያፈስስ? እሳት ቢነሣ? እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ እናቴ ሰይንት ናት፣ ሰይንት ናት እያልኩ… ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቤቱን ትዘጊዋለሽ ብዬ።»

በሩ ተንኳኳና ሽሻይ ጭንቅላቱን አስገባ። «ሮሚ ልጄ፣ በሩን የረሳሁት እኔ ነኝ። እሷን አትቆጪ…»

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ቆይ! የእርስዎ ተራ ይመጣል!»

ሽሻይ ጭንቅላቱን መለሰ።

ሮሚ ትልቁን ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ገልጣ ያዘች። ፈትለወርቅ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ገለበጠች። ያ ሁሉ ወርቅ የመሰለ ዶሮ እየተንኮሻኮሸ ወረደ። ምናልባት አንዱም አልተበላሸ ይሆናል። ምናልባት ሁሉም። የሚያውቅ የለም፤ ያ ነበር ክፉው ነገር። ግሬቪውም ተከትሎት ፈሰሰ።

«ውጪ ምን እንበላቸው?» አለች ሮሚ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ዘገየ እንበላቸው?»

«አንቺ ምንም አትበዪ። እኔ ነኝ የምነግራት።»

ፈትለወርቅ ሽርጧን አስተካክላ ወጣች። ሰዉ በየወንበሩ ፊቱን ወደ ኪችኑ በር አዙሯል። ሚስ ኦፓል ፊት ስትደርስ ዝቅ ብላ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ምንም ሳትደብቅ ነገረቻት። በሩንም፣ አፍንጫዋንም፣ ደህና ነው ማለቷንም። ሚስ ኦፓል እስክትጨርስ ድረስ ዓይኗን ከፈትለወርቅ ላይ አላነሣችም።

«ሊዮን በሕይወቱ ዶሮ የሌለበት ቀብር ሄዶ አያውቅም» አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ፣ ሚስ ኦፓል።»

«ቢያጋጥመውማ፣ እንዲህ ያለ ቀብር አይቼ አላውቅም ብሎ ባለቤቶቹን ዓመት ሙሉ ያማቸው ነበር።» ወደ ፎቶው አየች። «ራሱ ላይ ደረሰበት።» ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ትሣቅ ታልቅስ አይታወቅም። ከዚያ እጇን ዘርግታ የፈትለወርቅን አንጓ ያዘች፤ ጣቶቿ ብርድ ናቸው። «ባትነግሪኝ እበላው ነበር። ተቆጥቻለሁ፤ ይህን እወቂ። አሁን ግን ሰዎቼ ርቧቸዋል። ምን አለሽ?»

«ጎመን። አደንጓሬ። የበቆሎ ዳቦ። ሩዝ።»

«ሩዝ በምን? ግሬቪውንም ደፋሽው አይደል? ለሊዮን ሰዎች ደረቅ ሩዝ አታቀርቢም፣ ፈትለ። እርግማን ታመጪብኛለሽ።»

«አላቀርብም» አለች ፈትለወርቅ። ልትል የምትችለው ሌላ ነገር አልነበራትም።

ኪችን ስትመለስ ሽሻይ ካንዱ ቁም ሣጥን ከባድ ጥቁር የብረት ድስት፣ ጥቂት ዘይትና ዱቄት ፈልጎ አግኝቷል። ዘይት ጣደች። ዱቄት ጨመረች። ማማሰል ጀመረች። እንግዲህ የዚያ አገር ግሬቪ ምስጢሩ ዱቄቱ ነው። በዘይት ይቆላል። ቀድመው ውኃ ቢጨምሩበት ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ለአፍታ ቢዘገዩ ያርርና ይመርራል። በዚያ በደበዘዘ አምፖል፣ በዚያ በጥቁር ድስት ደግሞ ቀለሙ አይታይም። ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ቅጽበት የያዘችው በአፍንጫዋ ነበር። ዱቄቱም ያለው ይኸው ነው፤ ከተቃጠለ ሌላ የለም።

ሮሚ ጥግ ላይ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች።

«ሮሚ፣ ነይ።»

«አሁን ላናግርሽ አልፈልግም፣ እማ።»

«አታናግሪኝ። አሽትቺልኝ።»

ሮሚ አልተንቀሳቀሰችም። ዘይቱ ይንጫጫል። ማማሰያው ድስቱን ይፍቃል። ኋላ ላይ ተነፈሰችና መጥታ ከእናቷ ትከሻ አጠገብ ጎንበስ አለች።

«ምን ይሸትሻል?»

«ዱቄት።»

«ምን ዓይነት?»

«ዱቄት ነዋ! ላይክ… እርጥብ ወረቀት።»

«ገና ነው።» እያማሰለች ጠበቀች። «አሁንስ?»

«ቶስት። ትንሽ ቶስት።»

«ገና።»

«እማ፣ ቢቃጠልስ?»

«አንቺ አለሽ አይደል እንዴ? አፍንጫሽን አታርቂ።»

«አሁን… ቃሉን አላውቀውም። ያ ምንድን ነው፣ ልጅ ሆኜ የምትቆዪልኝ…»

«ቆሎ?»

«ቆሎ! ቆሎ ሲቆላ።»

«የገብስ ነው የሽንብራ?»

«ኦ ማይ ጋድ! እኔ በምን አውቃለሁ!»

«ታውቂዋለሽ። ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ሮሚ ጨፈነች። ፈትለወርቅ የልጇን ፊት ነበር የምታየው፤ ድስቱን አይደለም። እጇ ብቻ ያማስላል። ሽሻይ የጎመኑን መረቅ በጭልፋ ይዞ፣ እስትንፋሱን ውጦ ቆሟል። ከበሩ ወዲያ የተራበ ሰው ወንበር ሲስብ ይሰማል።

«ገብስ» አለች ሮሚ። «ገብስ… አይ፣ ተለወጠ። ሽንብራ ሆነ። ጣፈጠ። ቆይ፣ ቆይ… የሆነ ነገር ከኋላው እየመጣ ነው፣ የሚመር… አሁን! እማ፣ አሁን!»

ሽሻይ መረቁን ገለበጠ። ድስቱ ፏ አለ፣ እንፋሎቱ ተነሥቶ ሦስቱንም ፊታቸውን አለበሳቸው። ፈትለወርቅ ሳታቋርጥ አማሰለች። መረቁ ወፈረ፣ ከማማሰያው ጋር ተጎተተ።

«አረረ?» አለች፣ ለመስማት እየፈራች።

ሮሚ እንደገና ጎንበስ ብላ ቆየች። «አላረረም።»

ዓይኗን ከድስቱ ሳታነሣ፣ ኩርፊያዋንም ሳትተው፣ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ቀጥሎስ?» አለች።